ይህን ማን ነገረህ?

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። በዛሬው ክፍል የማወራችሁ ባለፉት ጥቂት ወራት የዕረፍት ሰዓቴን በሙሉ ስለወሰደ ሥራ ነው፤ የቤተሰቤን የትውልድ ሐረግ በኮምፒውተር ላይ ከመጀመሪያው እንደገና ስለ ማደራጀት። «እንደገና» ያልኩት አንድ ጊዜ ጀምሬው ስለነበረ ነው። ከ5 ዓመት በፊት የሐረግ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ጭኜ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ200 የሚበልጡ ስሞችን አስገባሁ። ቅርንጫፎቹ በስክሪኑ ላይ ሲዘረጉ ሳይ የተሰማኝ ደስታ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ግን የእህቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ ዛፉን ስትመለከት ቆየችና፣ ጣቷን በቅድመ አያቴ ስም ላይ አሳርፋ፣ «በዚህ ዓመት መወለዳቸውን ማን ነገረህ፣ ጋሼ?» ብላ ጠየቀችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዓመቱን አባቴ ነግረውኝ ይሆናል፤ ከአንድ አሮጌ ደብዳቤ ላይ አንብቤው ይሆናል፤ ወይም ልጆቻቸው ከተወለዱበት ዘመን ተነሥቼ በግምት ቆጥሬው ይሆናል። ሦስቱ ፈጽሞ የተለያየ ክብደት ያላቸው ነገሮች ሲሆኑ፣ በስክሪኑ ላይ ግን በአንድ ዓይነት ፊደልና በአንድ ዓይነት እርግጠኝነት ተጽፈው ተቀምጠዋል። አባቴ ዛሬ በሕይወት የሉም። ተመልሼ ልጠይቃቸው የማልችል መሆኑ ነው ጉዳዩን ለእኔ ከቴክኒክ ጉድለት በላይ ያደረገው።

አሮጌውን ፋይል አልሰረዝኩትም። ስሙን «ያልተረጋገጠ» ብዬ ቀይሬ፣ ለንባብ ብቻ እንዲከፈት አድርጌ ወደ ጎን አስቀመጥኩት፤ ከዚያም ባዶ ዳታቤዝ ከፍቼ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ። ከማን ወይም ከምን እንዳገኘሁት ልጽፍ የማልችለው ስም፣ ቀን ወይም ዝምድና ወደ አዲሱ ፋይል አይገባም። «አክስቴ በስልክ ነገሩኝ» የሚለው በቂ ምንጭ ነው፤ ቀኑ ከተጻፈና አክስቴ ነገሩን በዓይናቸው አይተውት ወይም ከሌላ ሰምተውት እንደሆነ ከተገለጸ። ባዶ ሆኖ የቀረ የምንጭ ሣጥን ግን ተቀባይነት የለውም።

ሶፍትዌር ስንመርጥ አብዛኞቻችን የምናየው የዛፉን ውበት ነው። እኔ በዚህኛው ዙር ያስቀደምኩት ጥያቄ ሌላ ነበር፤ ከፕሮግራሙ መውጣት ብፈልግ የሰበሰብኩትን ይዤ መውጣት እችላለሁ ወይ? የሐረግ ፕሮግራሞች እርስ በርስ መረጃ የሚለዋወጡበት ጌድኮም የሚባል የፋይል ዓይነት አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ያወጣው ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ በስፋት ያገለገለው 5.5.1 የተባለው እትሙ በ1999 በረቂቅነት ወጥቶ እንደ ይፋ መመዘኛ የተቆጠረው ከ20 ዓመት በኋላ በ2019 ነው። 7.0 የተባለው እትም ደግሞ በ2021 ወጣ። ይህን ታሪክ የማነሣው ፕሮግራሞች እንደሚሞቱ ለማሳየት ነው። ያው ቤተ ክርስቲያን በነፃ ያሠራጨው የነበረው ፐርሰናል አንሴስትራል ፋይል የተባለ ፕሮግራም በ2013 ቆመ። ፋሚሊ ትሪ ሜከር የተባለውም ሽያጩ እንደሚቋረጥ በታኅሣሥ 2015 ተነግሮ ተጠቃሚዎቹ ከተጨነቁ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት ሌላ ኩባንያ ተረክቦ አስቀጥሎታል። እንዲህ ባለ ጊዜ የዓመታት ድካሙን በጌድኮም አውጥቶ ያስቀመጠ ሰው መሸጋገሪያ ድልድይ አለው።

ድልድዩ ግን ሁሉንም ጭነት አያሻግርም። በ5.5.1 እትም ፋይሉ ፎቶግራፉን ሳይሆን ፎቶግራፉ የተቀመጠበትን አድራሻ ብቻ ነው ይዞ የሚሄደው፤ ፎቶግራፎቹን ከጽሑፉ ጋር በአንድ ጥቅል የማስቀመጫ መንገድ የመጣው ከ7.0 ጋር ነው። ለእኛ በተለይ የሚያሳስበው ደግሞ የፊደል ነገር ነው። አሮጌዎቹ የጌድኮም ፋይሎች አንሰል የሚባል፣ በዋናነት ለላቲን ፊደል የተሠራ የፊደል ኮድ ይጠቀሙ ነበር፤ በእርሱ የግዕዝን ፊደል መጻፍ አይቻልም። ፊደላችን ዩኒኮድ ወደሚባለው፣ የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር ወደሚጻፉበት የጋራ ኮድ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ሲሆን፣ ፋይሉ ሲወጣ ዩቲኤፍ-8 የሚለው የዩኒኮድ አጻጻፍ መመረጡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የአያቶቻችን ስም የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ማንም ሰው መቶ ስም ከማስገባቱ በፊት ይህን ሙከራ እንዲያደርግ እለምናለሁ። አምስት ሰዎች ያሉበት አንድ ትንሽ ቤተሰብ በራሳችሁ ፊደል መዝግቡ፤ አንድ ፎቶግራፍ፣ አንድ ምንጭና አንድ ረዘም ያለ ማስታወሻ ጨምሩ፤ በጌድኮም አውጡትና በሌላ ፕሮግራም ክፈቱት። የጠፋውን ነገር ያኔ ታዩታላችሁ። እኔ በሁለት ፕሮግራሞች ላይ ሞክሬ በአንደኛው ማስታወሻው ከመካከል ተቆርጦ አግኝቼዋለሁ።

በመጨረሻ የመረጥኩት ግራምፕስን ነው። ነፃ ነው፤ የፕሮግራም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ በሊኑክስም፣ በዊንዶውስም፣ በማክም ላይ ይጫናል። ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን ሰነዱ የሚገኝበትን ቦታ፣ ሰነዱን ራሱንና ከሰነዱ ውስጥ የተጠቀሰውን ገጽ በሦስት ደረጃ ለይቼ እንድመዘግብ ማስቻሉንና፣ ለእያንዳንዱ ጥቅስ ምን ያህል እንደምተማመንበት ከ«በጣም ዝቅተኛ» እስከ «በጣም ከፍተኛ» ደረጃ እንድሰጥ መጠየቁን ነው። በኢንተርኔት ላይ ያሉት የጋራ ዛፎችም፣ ለምሳሌ መላው ተጠቃሚ አንዱን ዛፍ የሚያርምበት ፋሚሊሰርች፣ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን የማላውቀው ሰው ሌሊት ገብቶ ሊለውጠው የሚችለውን መዝገብ ዋና ቅጂዬ ላደርገው አልፈልግም።

ፕሮግራሙን ከጫንኩ በኋላ አንድ ምሽት ሙሉ ምንም ስም ሳላስገባ ደንብ ብቻ ስጽፍ አመሸሁ። ቦታ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይጻፋል። ሴቶች በትዳር ስማቸው ሳይሆን ሲወለዱ በተሰጣቸው ስም ይመዘገባሉ። እርግጠኛ ያልሆነ ቀን «ገደማ»፣ «በፊት»፣ «በኋላ» ወይም «ከዚህ እስከዚህ ባለው ጊዜ» ይባላል እንጂ እርግጠኛ መስሎ አይጻፍም። የዘመን አቆጣጠርም የራሱ ወጥመድ አለው፤ የግሪጎሪያኑን አቆጣጠር አንዳንድ አገሮች በ1582 ሲቀበሉ ብሪታንያ በ1752፣ ሩሲያ በ1918 ስለተቀበሉት፣ በሁለት ሰነዶች ላይ ያለው አንድ ቀን ሁለት ቀን ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ቀኑን ሰነዱ ላይ እንዳለ፣ ከነአቆጣጠሩ እጽፈዋለሁ፤ አቆጣጠሩ በፕሮግራሙ ዝርዝር ውስጥ ከሌለም የሰነዱን ቀን በማስታወሻ አስፍሬ የተሰላውን ከጎኑ አስቀምጣለሁ። የስሞች ጉዳይም ጥንቃቄ ይሻል። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ እንደሚወረስ ታስቦ የተሠሩ ናቸው፤ ሁለተኛው ስም የአባት ስም በሆነበት አሰያየም ግን አንድ ስም የሚጋሩት ወንድማማቾች እንጂ አባትና ልጅ አይደሉም። ይህን ሳላስተውል የአባትን ስም በቤተሰብ ስም ሣጥን ውስጥ በማስገባቴ፣ በቀድሞው ፋይሌ ውስጥ ሁለት የማይዛመዱ ቤተሰቦች በአንድ ስም ሥር ተሰልፈው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ወደ ዓላማው። የመጀመሪያው ዕቅዴ «የቤተሰቤን ታሪክ ማወቅ» የሚል ነበር። ይህ ምኞት እንጂ ዕቅድ አይደለም። ወላጆች 2፣ አያቶች 4፣ ቅድመ አያቶች 8 እያሉ ሲቆጥሩ በአሥረኛው ትውልድ ላይ 1024 ቦታዎች ይኖራሉ፤ እስከዚያ ያሉት ሲደመሩ 2046 ይሆናሉ። ዘመዳሞች ስለሚጋቡ በእነዚህ ቦታዎች ላይ አንድ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ሊቀመጥ ቢችልም፣ ይህን ሁሉ በአንድ ዕድሜ የሚጨርስ የለም። መምረጥ ግዴታ ነው። የምርምር ጥያቄ አንድን የታወቀ ሰው፣ አንድን ዝምድና ወይም ድርጊት፣ እንዲሁም የተወሰነ ጊዜና ቦታን ሲይዝ ብቻ ሊመለስ የሚችል ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

የእኔ የመጀመሪያ ጥያቄ እንዲህ የሚል ሆነ፤ በአያቴ የጋብቻ ወረቀት ላይ በምስክርነት የፈረመችው ሴት የአያቴ እህት ናትን? የሴትየዋ የአባት ስም ከአያቴ የአባት ስም ጋር አንድ ነው። በቤታችን በተገኘ አንድ ደብዳቤም አያቴን «እህቴ ሆይ» ብላ ትጠራታለች። አክስቴ ግን፣ «እናቴ እህት አልነበራትም» ሲሉ ነው የኖሩት። ጥያቄውን በወረቀት አናት ላይ ጽፌ፣ ከሥሩ የማውቀውን ከነምንጩ፣ ከዚያም የምጠረጥረውን፣ ቀጥሎም መልሱ ሊገኝባቸው የሚችሉ መዝገቦችን በቅደም ተከተል ዘረዘርኩ።

እዚህ ላይ የማስረጃ ክብደት ጉዳይ ይመጣል። ወረቀቱ በዕለቱ የተዘጋጀ ሰነድ ነው፤ ፊርማው የሴትየዋ የራሷ ነው። «እህቴ» የሚለው ቃል ግን ለሥጋ እህትም ለልብ ወዳጅም ይነገራል። አክስቴ ደግሞ ከሠርጉ በኋላ የተወለዱ ስለሆኑ ስለዚያ ዘመን የሚያውቁት የሰሙትን ነው። አንድ ሰነድ እንኳ በውስጡ ጠንካራና ደካማ ቃል ሊይዝ ይችላል፤ የሞት የምስክር ወረቀት ስለ ሞቱ ቀን ታማኝ ሆኖ ሳለ፣ ስለ ልደቱ ቀን የሚናገረው ብዙውን ጊዜ በልደቱ ጊዜ ያልነበረ ሰው የሰጠውን ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ የተቋቋመው የሐረግ ተመራማሪዎች የምስክር ወረቀት ቦርድ የሚያራምደው የማረጋገጫ መመዘኛ አምስት ነገሮችን ይጠይቃል፤ በበቂ ሁኔታ የተሟላ ፍለጋ፣ የተሟላ የምንጭ አጠቃቀስ፣ ማስረጃዎችን መመርመርና ማነጻጸር፣ የሚጋጩትን ማስታረቅ፣ በመጨረሻም መደምደሚያውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ማስፈር። እኔን የቀየረኝ የመጨረሻው ነው። በአእምሮዬ ግልጽ የመሰለኝ መደምደሚያ በሦስት አንቀጽ ልጽፈው ስሞክር ሁለት ቦታ ላይ ተሰነጠቀ።

የፍለጋ መዝገብም ያዝኩ፤ ያገኘሁትን ብቻ ሳይሆን ያላገኘሁትን ጭምር የምጽፍበት። ቀድሞ አንድን የመዝገብ ክፍል ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አገላብጬ፣ በሁለተኛው ላይ ነው ከዓመታት በፊት ባዶ እጄን ከእርሱ እንደተመለስኩ ያስታወስኩት። አሁን ቀኑን፣ የፈለግሁትን ስም ከነአጻጻፍ ልዩነቱና ያገላበጥኳቸውን ዓመታት እጽፋለሁ።

በሕይወት ያሉትን ዘመዶች በተመለከተ ፈቃድ ሳልጠይቅ ምንም አልመዘግብም፤ የመዘገብኩትንም የግል ብዬ ምልክት አደርግበታለሁ፤ ፋይሉን ለሌላ ሰው በምልክበት ጊዜ በሕይወት ያሉት ተቀንሰው ይወጣሉ። ቅጂዎቹም ሦስት ናቸው፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ።

በዕቅዴ ላይ ከመዛግብት ቤቶች ሁሉ በፊት የተቀመጠው የአክስቴ ስም ነው፤ 86 ዓመታቸው ነውና። ባለፈው ሳምንት ፈቅደውልኝ ድምፃቸውን ቀዳሁ። «እህት ነበራት ወይ?» ብዬ ብጠይቅ የኖሩበትን መልስ እንደሚመልሱልኝ ስለገባኝ፣ የጋብቻ ወረቀቱን ቅጂ አስይዤ፣ «በሠርጉ ቀን ከእናትዎ ጎን ማን ነበር ሲባል ሰምተዋል?» አልኳቸው። ፊርማውን ጣታቸውን እያሳለፉ ረጅም ጊዜ ተመለከቱና፣ «እሷማ እህቷ አይደለችም፤ አብራት ያደገችው ናት። አያቴ ናቸው በስማቸው ያሳደጓት» አሉ።

በግራምፕስ ውስጥ ልጅን ከወላጅ ጋር ስናያይዝ የተወለደ፣ ጉዲፈቻ፣ የእንጀራ ልጅ፣ ያልታወቀ የሚሉ ምርጫዎች አሉ። ለጊዜው «ያልታወቀ» የሚለውን መርጫለሁ፤ ምንጩ የአክስቴ ቃል፣ የመተማመኛ ደረጃው «ዝቅተኛ»፣ ምክንያቱም ከእናታቸው የሰሙት ነው። የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ስትመጣ ከሴትየዋ ስም አጠገብ ያለውን ምልክት ተጭና የአክስቴን ድምፅ መስማት ትችላለች። በዕቅዱ ሁለተኛ ገጽ ላይ ደግሞ አዲስ ጥያቄ ተጽፏል፤ ያች ልጅ ወደዚያ ቤት ከመምጣቷ በፊት በማን ስም ትጠራ ነበር?