የጋሼ መነጽር

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ ቆርቆሮው ሲንኳኳ ከተሰማችሁ እሱ ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ዝናብ መሀል ስለ ፀሐይ መነጽር ላወራችሁ ነው።

ነገሩን ያነሳሳችኝ አንዲት ልጅ ናት። በቅርቡ ተመርቃ ረዳት አብራሪ ሆና መብረር ጀምራለች። የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «እህቴ፣ መነጽሬ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከጆሮዬ በላይ ይቆረጥመኛል። ራሴን እያመመኝ ነው የምወርደው። አንዳንዴ አወልቀውና ዓይኔን ጨፈን አድርጌ እቀጥላለሁ። ሰው እንዳልጠይቅ ደግሞ አፈርኩ፣ እንዲህ ላለ ትንሽ ነገር።»

ትንሽ ነገር አይደለም፣ የኔ እህት። መነጽር ሲያምሽ ታወልቂዋለሽ። የምታወልቂው ደግሞ ሰዓት መርጠሽ አይደለም፤ ድካሙ ሲጠራቀም፣ ማለትም በበረራው መጨረሻ፣ ለማረፍ ስትወርጂ ነው። ዓይንሽ በጣም የሚያስፈልግሽ ያኔ ነው። ስለዚህ እኔ ምቾትን እንደ ቅንጦት አላየውም። የማይመች መነጽር ምንም ያህል ጥሩ ሌንስ ቢኖረው ኪስ ውስጥ ነው የሚቀረው።

እኔ ይህን የተማርኩት አጎቴ በሰጡኝ መነጽር ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ እኛ ቤት ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጋሼ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከባድ መኪና ነድተዋል። መጀመሪያ የአሰብን መንገድ፣ በኋላ የጅቡቲን። አዋሽን አልፎ ወደ ሚሌ፣ ከሚሌ ወደ ጋላፊ። ጠዋት ወደ ምሥራቅ ሲወርዱ ፀሐይ ፊት ለፊት፣ ተመልሰው ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሲወጡም ፀሐይ ፊት ለፊት። አስፋልቱ ራሱ ያበራል። በወጣትነታቸው መነጽር የሚባል ነገር አያደርጉም ነበር፤ በመዳፋቸው ከለል እያደረጉ ነው የነዱት። በኋላ አንድ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው፣ ታክመው ተገፈፈላቸው። ሞራ ከዕድሜም ከስኳርም ከሌላም ይመጣል፣ ፀሐይ ብቻዋን አመጣችው አልልም። ለረጅም ዘመን የሚጠራቀም አልትራቫዮሌት የሚባለው የማይታይ የፀሐይ ጨረር ግን ለሞራ ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ ነው። ጋሼ ግን ጥርጣሬ የላቸውም፤ «የአፋር ፀሐይ ናት» ይላሉ።

በአብራሪነት የተመረቅሁ ዕለት አቅፈው ከሳሙኝ በኋላ ጥቁር ሣጥን ሰጡኝ። ውስጡ ወፍራም ጥቁር ፍሬም ያለው፣ ሰፊ መነጽር። በስንት እንደገዙት እስከ ዛሬ አልነገሩኝም፤ ርካሽ እንዳልሆነ ግን ያስታውቃል። «ዓይንሽን ጠብቂ» አሉኝ። «ዓይን እንደ ጎማ አይቀየርም።»

እንግዲህ ያንን መነጽር ሳላደርግ እንዴት ልብረር?

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ነኝ። ጠዋት ከቦሌ ተነስተን ወደ ሰመራ እንሄዳለን። አቅጣጫው ሰሜን ምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይዋ በቀኝ በኩል ከፊት ትመጣለች፤ ረዳት አብራሪ የሚቀመጠው በቀኝ ነውና በእኔ በኩል ማለት ነው። የጋሼን መነጽር አድርጌያለሁ። ሄድሴቱ፣ ማለትም ለራዲዮ ጆሮ ላይ የሚደረገው ማዳመጫ፣ ከላይ ተጭኖታል። ገና ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የመነጽሩ ዘንግ ጆሮ ግንዴ ላይ እንደ ጠጠር ተቀመጠ። ቻልኩት። ከዚያ አንድ ጊዜ በመስኮት ወደ ታች አየሁ፤ ቀጭን መስመር ሆኖ መንገዱ ይታያል። የጋሼ መንገድ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ሆዴ ተላወሰ። ጭንቅላቴን ዘንበል እንዳደረግሁ ዓይኔን ወደ ፊት ለፊቴ ስክሪን ስመልስ ስክሪኑ ጨልሟል።

ልቤ ቀጥ አለች። «ካፒቴን፣ የእኔ ስክሪን ጠፋ» አልኩ። ካፒቴኑ ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ምንም አልደነገጡም። «መነጽርሽን አውልቂና እንደገና እዪው» አሉኝ። አወለቅሁ። ስክሪኑ እንደ ቀድሞው ቦግ ብሎ በርቷል። አልጠፋም ነበር። «ፖላራይዝድ ነው» አሉኝ። «ለመኪና ግሩም ነገር ነው። ለእዚህ አይሆንም።» ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ከራሳቸው ቦርሳ ትርፍ መነጽር አውጥተው ሰጡኝ። የዚያን ሰው ደግነት አልረሳውም፤ ሊያሳፍሩኝ ይችሉ ነበር።

ፖላራይዝድ ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን ማታ ነው የገባኝ። ብርሃን ከአስፋልት፣ ከውሃ፣ ከመኪና ኮፈን ላይ ተንጸባርቆ ሲመጣ በአብዛኛው ወደ ጎን በተኛ አቅጣጫ እየተርገበገበ ይመጣል። ፖላራይዝድ ሌንስ ያንን ለይቶ ይይዘዋል። ለዚህ ነው ሾፌርና ዓሣ አጥማጅ የሚወዱት። ነገር ግን የዘመኑ አውሮፕላን ስክሪን ኤልሲዲ የሚባለው ዓይነት ነው፣ የሚያወጣው ብርሃንም ራሱ ፖላራይዝድ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ነው። የሌንሱና የስክሪኑ አቅጣጫ ሲጣረስ ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። በዚያ ላይ የኮክፒት፣ ማለትም የአብራሪዎቹ ክፍል፣ መስታወት ብዙ ንብርብር ስለሆነ በፖላራይዝድ ሌንስ ሲታይ እንደ ቀስተ ደመና የተዥጎረጎረ ይሆናል። ሌላም አለ። ሩቅ ያለ አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው ፀሐይ ክንፉ ላይ አርፋ ብልጭ ሲል ነው። ያቺን ብልጭታ ሌንሱ ከወሰዳት፣ ልታዪው የሚገባሽን ነገር ወሰደብሽ ማለት ነው። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ኤፍኤኤ አብራሪዎች ፖላራይዝድ እንዳያደርጉ የሚመክረው በእነዚህ ምክንያቶች ነው።

አንድ መነጽር ፖላራይዝድ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ገበያ ላይ ቀላል መንገድ አለ። የስልካችሁን ስክሪን አብሩና መነጽሩን ከፊቱ ይዛችሁ ቀስ እያደረጋችሁ አዙሩት። መነጽሩ ሲዞር ስክሪኑ ከጨለመ ፖላራይዝድ ነው።

አሁን ወደ ቁርጥማቱ ልመለስ፣ የልጅቷ ጥያቄ እሱ ነውና። ሱቅ ውስጥ መነጽር ስንለካ መስታወት ፊት ቆመን መልካችንን ነው የምናየው። አብራሪ ግን መነጽርን ብቻውን አያደርግም፤ ሄድሴት ይጫነዋል። ሄድሴት ጆሮን ለመዝጋት ከሁለት በኩል ይጨምቃል። ዘንጉ ወፍራም ከሆነ ያ ሁሉ ጭነት አንዲት ቦታ ላይ፣ አጥንቱ ላይ ያርፋል። የሚያምሽ እሱ ነው። ሌላው ጉዳት ደግሞ አይታይም፤ ዘንጉ የሄድሴቱን ትራስ ከቆዳሽ ያላቅቀዋል፣ በክፍተቱ የሞተር ድምፅ ይገባል። በፕሮፔለር አውሮፕላን ይህ ቀላል አይደለም። የራዲዮ መልእክት ለመስማት ትጨነቂያለሽ፣ ማታ ቤትሽ ስትገቢ ጆሮሽ ይጮኻል። ድምፅ የሚቀንስ ኤሌክትሮኒክስ ያለው ሄድሴት ቢሆንም ትራሱ ካልገጠመ ሥራውን በደንብ አይሠራም።

ይህ አዲስ ችግር አይደለም። ሁላችን የምናውቀው የእንባ ዘለላ ቅርጽ ያለው የአብራሪ መነጽር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ፣ ቦሽ ኤንድ ሎምብ የሚባለው ኩባንያ ለአብራሪዎች ብሎ የሠራው ነው። ሌንሱ ወደ ታች የተንጠለጠለው ለውበት እንዳይመስላችሁ፤ አብራሪ ዓይኑን ወደ መሣሪያዎቹ ሲያወርድም ከሌንሱ እንዳይወጣ ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1958 አሜሪካን ኦፕቲካል ለአሜሪካ አየር ኃይል ሌላ ዓይነት አቀረበ፤ ዘንጉ ቀጭን፣ ከጆሮ ኋላ የማይታጠፍ፣ ቀጥ ያለ። ለምን ቀጥ አለ? የራስ ቁር ሳይወልቅ መነጽሩ ከሥር ገብቶ እንዲወጣ። እኔ ዛሬ የማደርገው የዚያ ዓይነት ነው፤ ቀጭን የታይታኒየም ዘንግ፣ ቀጥ ያለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳደርገው ክብደቱ ስላልተሰማኝ ወድቆ ይሆን ብዬ በእጄ ዳሰስኩት።

እና ምክሬ ይኸው ነው፤ መነጽር ልትገዢ ስትሄጂ ሄድሴትሽን ይዘሽ ሂጂ። ባለሱቁ ይገርመው፣ ምንም አይደለም። ደርበሽ አድርጊው፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆዪበት፣ ቡና ጠጪበት ከፈለግሽ። አምስት ደቂቃ ላይ ሁሉም መነጽር ይመቻል። አንገትሽን ደፍተሽ ጭንሽ ላይ ያለ ወረቀት አንብቢ። ከአፍንጫሽ ላይ ተንሸራተተ? ጋምቤላ ወይም ጎዴ መሬት ላይ ቆመሽ ላብ ሲወርድሽ ደግሞ ይብስበታል። ለስላሳ የሲሊኮን የአፍንጫ ማረፊያ ያለውን፣ ማረፊያውም የሚስተካከለውን ምረጪ። ወደ ጎን እዪ፤ ሰፊ ዘንግ እንደ ጋሪ ፈረስ የዓይን መከለያ የጎን እይታሽን ይጋርድብሻል። የኦክስጅን ጭምብሉንም አስቢው። የኮክፒት ጭምብል በአንድ እጅ በ5 ሰከንድ ውስጥ ፊት ላይ መግባት አለበት፣ መነጽር ተደርጎም ቢሆን። ግዙፍ ፍሬም እዚያ ላይ እንቅፋት ነው።

ስለ ሌንሱ ጥቁረት ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጠቆር ባለ ቁጥር የሚሻል ይመስለናል። ኮክፒት ውስጥ ግን ውጩ ነጭ፣ ውስጡ ጨለማ ነው፤ ዓይን በየጥቂት ሰከንዱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል። ከብርሃኑ ከመቶ ከ15 እስከ 30 እጁን የሚያሳልፍ ይበቃል። በፍሬሙ ውስጥ ወይም በወረቀቱ ላይ ከ0 እስከ 4 የሆነ የጥቁረት ደረጃ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ 4 ቁጥር ለመኪና እንኳ አይፈቀድም። ቀለሙ ግራጫ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሁሉንም ቀለም እኩል ስለሚቀንስ። ቢጫና ብርቱካናማው ቀለም ያዛባል። እኛ ደግሞ በቀለም የምንኖር ሰዎች ነን፤ የአየር ጠባይ ራዳሩ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ይላል፣ ማኮብኮቢያው አጠገብ ያሉት መብራቶች ከፍታችን ትክክል መሆን አለመሆኑን በነጭና በቀይ ይነግሩናል። በብርሃን የሚጠቁረውንም ሌንስ ሞክሬዋለሁ። የሚያጠቁረው በዋናነት አልትራቫዮሌት ነው፣ እሱን ደግሞ የኮክፒቱ መስታወት በከፊል ስለሚያስቀረው በሚገባ አይጠቁርም። ደመና ውስጥ ስትገቢ ደግሞ ቶሎ አይነጣም።

ጨረሩን መስታወቱ ካስቀረው ለምን እንጨነቃለን ልትሉ ትችላላችሁ። ከአልትራቫዮሌት ውስጥ ዩቪ-ቢ የሚባለውን ዓይነት በአብዛኛው ያስቀረዋል። ዩቪ-ኤ ግን እንደ መስታወቱ ዓይነት ይገባል። ከፍታ ደግሞ አለ፤ በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ቦሌ ራሱ 2,300 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ እስከ 400 ናኖሜትር (የጨረር ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) ያለውን ጨረር የሚይዝ ሌንስ ይሁን። ተለጣፊ ወረቀቱን ብቻ አትመኑ፤ መለኪያ ያላቸው መነጽር ቤቶች አሉ፣ ይለኩላችሁ። ጥቁር ሆኖ ጨረር የማይከለክል ሌንስ ከምንም የከፋ ነው፤ ብሌናችሁ በጨለማው ተታልሎ ይከፈታልና።

ክረምት ላይ መነጽር ምን ይሠራል የሚለኝ ሰው አለ። አሁን እዚህ ዝናብ ነው። ከዚህ ደመና በላይ ግን ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ደመናው ከላይ ሲታይ የተባዘተ ጥጥ ነው፣ ብርሃኑም ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታች ይመጣል። የፀሐይ መከላከያውን ብታወርጂም አይረዳሽም። ከዚያ ወደ ቦሌ ስንወርድ ጥጡ ውስጥ እንገባለን፣ ድንገት ይጨልማል። ያኔ መነጽሩ በአንድ እጅ፣ ሄድሴቱ ሳይነካ መውጣት አለበት። ቀጥ ያለ ዘንግ እዚህ ላይ ነው ጥቅሙን የሚያሳየው።

በጋ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው። የቦሌ ማኮብኮቢያዎች ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ ከምዕራብ ትንሽ ወደ ደቡብ የተዘረጉ ናቸው። በጥቅምት ማብቂያና በጥር ማብቂያ አካባቢ ወደ ማምሻው ከምሥራቅ በኩል መጥታችሁ ስታርፉ ፀሐይዋ ከማኮብኮቢያው ጫፍ በላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃችኋለች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ የሚጋርዳት ደመና የለም። በዚያች ሰዓት ጆሮዬን የሚቆረጥም መነጽር ቢኖረኝ አወልቀው ነበር። አውቀዋለሁ፣ ራሴን አውቃለሁ።

ለጋሼ ግን አልነገርኳቸውም ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ። ቤት ስመጣ «መነጽሩ እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ግሩም ነው ጋሼ» እላለሁ። ከበደኝ። ሰው ከዓይኑ ቀንሶ የሰጠኝ ነው የሚመስለኝ። በመጨረሻ አንድ እሑድ ስልኬን አውጥቼ መነጽራቸውን ከፊቱ አዞርኩላቸው። ስክሪኑ ጠፋ። መልሼ አዞርኩት፣ በራ። ሁለት ሦስት ጊዜ ራሳቸው ሞከሩት። ዝም አሉ። ከዚያ «ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ? መሪሽ ቢጠፋብሽስ ኖሮ!» ብለው ተቆጡኝ። በመነጽሩ አይደለም የተቆጡት፣ በዝምታዬ።

አሁን መኪና ስነዳ የማደርገው እሱን ነው። በቀደም ጠዋት ይዣቸው ወደ አዳማ ወረድን፣ በፈጣን መንገዱ። ፀሐይዋ ከፊት መጣች፣ አስፋልቱ ማብረቅ ጀመረ፣ መነጽሩን አደረግሁት፣ መንገዱ ጥቁርና ጥርት ያለ ሆነልኝ። ጋሼ ከጎኔ ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩና «ጆሮሽን አላመመሽም?» አሉ። ሄድሴት የለም፣ አላመመኝም። «እንግዲያው ንጂ» አሉኝና ወንበራቸውን ወደ ኋላ ለቀቅ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ።