ስድስት ሳምንት ሳልታጠቅ

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከኋላዬ የምትሰሙት ዝናብ ነው። የደሴ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰውም አያስወራ። ድምፄን ከፍ አላደርግም፤ ሆዴ ገና ይይዘኛል።

የጠፋሁት ታምሜ ነው። ትርፍ አንጀት። ሕመሙ እምብርቴ አካባቢ ጀመረኝ፤ እኔ ደግሞ ጨጓራ ነው ብዬ ጤና አዳም በቡና ጠጣሁ። በማግስቱ ወደ ቀኝ ወደ ታች ወረደ። አሁንም ዝም። ሆስፒታል ስደርስ ፈንድቶ ነበር። ሲፈነዳ መግሉ ሆድ ውስጥ ይበተናል፤ ስለዚህ በትንሽ ቀዳዳ አልተገላገልኩም። ከእምብርቴ በላይ ጀምረው ወደ ታች ቀደው አጠቡኝ። ጥፋቱ የኔው ነው፤ ቀኝ ሆዳችሁን እንዲህ ካመማችሁ ጤና አዳሙን ተዉትና ሂዱ። ይሄን ብዬ ልለፈው። የዛሬው ወሬዬ ስለ ልብስ ነው።

አዎ፣ ስለ ልብስ። አትሳቁ።

ከሆስፒታል የወጣሁ ቀን ወንድሜ ልብሴን ይዞ መጣ። ስገባ ለብሼው የነበረው ጂንስ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እንደምንም እግሬን አስገባሁ። ቁልፉ የሚያርፈው ልክ ስፌቱ ላይ! ወንድሜ "ትንሽ ሆድህን ሳብ አድርገው" ይለኛል። ምኑ ይሳባል? ከኦፕራሲዮን በኋላ አንጀት ቶሎ ወደ ሥራው አይመለስም፤ ሆድ ይነፋል። ቲሸርቱ ደግሞ ባሰ። በአናት ለማጥለቅ ክንድ ማንሳት አለብህ፤ ክንድህ ሲነሳ ሆድህ አብሮ ይሳባል። በመጨረሻ ጋቢ ተጠቅልዬ ነው ባጃጅ ውስጥ የገባሁት። ኮብልስቶኑን አንድ በአንድ ቆጥሬዋለሁ።

ቤት ገብቼ ቁምሳጥኔን ሳየው፣ ልብሴ ሁሉ የሚይዘው ሆዴን ነው። ሱሪው፣ ቀበቶው፣ ፓንቱ፣ ቱታው ሳይቀር። ለካ ሠላሳ ምናምን ዓመት ልብስ ስለብስ የኖርኩት ሆዴን እያነቅሁ ነው።

ንግግራችንም እኮ እንዲሁ ነው። ሰው ለሥራ ሲነሳ "ታጥቆ ተነሳ" እንላለን። ልጅን ስናበረታ "ወገብህን ጠበቅ አድርግ" እንላለን። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ። በር ላይ ቆሜ "ሸሚዝህን አስገባ፣ ቀበቶህ የታለ?" ስል ነው የምውለው። እና ሐኪሙ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ለጊዜው ምንም ነገር እንዳትታጠቅ።"

እማዬ ግን አልተዋጠላትም። አምስት ልጅ ወልዳለች፤ አምስት ጊዜም ሆዷን በመቀነት አስራለች። "ያልታሰረ ሆድ እንደተዘረገፈ ይቀራል" ብላ መቀነቷን ይዛ መጣች። ለክትትል ስንሄድ አብራኝ ገብታ ሐኪሙን ጠየቀችው። ልጅ እግር ነው፤ አክብሮ ነው ያናገራት። "እማማ፣ ቁስሉ ደረቅ መሆን አለበት፤ ጠበቅ ያለ ነገር ይፈትገዋል። ማሰር ካስፈለገ እኔ የሆድ ቀበቶ አዝለታለሁ። እስከዚያ ሲያስለው ወይ ሲያስነጥሰው ትራስ ሆዱ ላይ አቅፎ ይጫን።" እሷም እሺ አለች። መቀነቱን ግን አጣጥፋ ከትራሴ ሥር አስቀመጠችው። ለማንኛውም።

ትራሱ ሠርቷል። በተለይ ጠያቂ ሲመጣ። የወሎ ሰው በሽተኛ ሊጠይቅ መጥቶ ሳያስቅ አይሄድም፤ እኔ ትራሴን አቅፌ "ኧረ በፈጠራችሁ ተዉኝ" እላለሁ፣ እነሱ ይብስባቸዋል።

ችግሩ ብርዱ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ ሲወርድ ግድግዳ አያግደውም። ብርዱ ደርብ ይልሃል፤ ቁስሉ አውልቅ ይልሃል። ከላይ ያለው ቀላል ነው፤ ከፊት የሚቆለፍ ሰፊ ሸሚዝ፣ በላዩ ሹራብ፣ እሱም ከፊት የሚከፈት። ከታችስ?

መፍትሔውን ያመጡልኝ ጎረቤታችን ሃጂ ናቸው። ሽርጥ! ራሳቸው የሚለብሱትን ዓይነት፣ ታጥቦ የለሰለሰ ጥጥ። "ልጄ፣ አባቶቻችን ይሄን የለበሱት ሱሪ አጥተው መሰለህ?" አሉኝ። ደስ አለኝ፣ ግን አስቡት፤ ሽርጥ የሚታሰረው የት ነው? እምብርት ላይ! ጠቅልለህ ጠቅልለህ የምትወትፈው ልክ እኔ የተሰፋሁበት ቦታ ነው። ይሄን ስላቸው ሃጂ ተነስተው ቆሙና በራሳቸው ላይ አሳዩኝ። ወደ ጎን ነው የሚሳበው፤ ጫፉ ዳሌህ አጥንት ላይ ያርፋል፣ ከፊት ለፊት ጨርቁ ላላ ብሎ ይቀራል። ሁለት ሦስቴ ወልቆብኛል። አንዴ እንዲያውም እትዬ የላይ ቤቷ በር ላይ ቆመው ሳለ። ያም አልፏል።

ከሽርጡ ሥር ወንድሜ ሁለት ቁጥር ከፍ ያለ ፓንት ገዛልኝ። ገልብጬ ነው የምለብሰው፤ ስፌቱ በውጭ፣ ልስልሱ ወደ ሰውነቴ። ማን ያይብኛል?

ለመውጫ ግን ሱሪ ያስፈልጋል። ሰኞ ገበያ አንድ የቆዩ ልብስ ሰፊ አሉ፤ ቱታዬን ይዤ ሄድኩ። ሜትራቸውን አውጥተው "ልክህ?" አሉኝ። "ጋሼ፣ ልክ የለኝም። ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ ነው" አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ እስከ ማታ ሆዴ እንደ ከበሮ ይሆናል። ትንሽ አዩኝና "በቃ፣ ለነፍሰ ጡር እንደምሰፋው ልስፋልህ" አሉ። ቀጭኑን ላስቲክ ፈተው ጣሉት። በምትኩ ሆዴን ከፍ ብሎ የሚያለብስ፣ አራት ጣት የሚሰፋ የሚለጠጥ ጨርቅ ቀጠሉበት። ከዚያ ወዲህ ሱሪ ሲቆርጠኝ አልዋለም። ቀጭን ላስቲክ አንድ መስመር ላይ ነው የሚጫነው፤ ሰፊው ጭነቱን ይበትነዋል። ይሄን ነፍሰ ጡሮች ያውቁት ኖሯል፤ እኛ ማን ይንገረን?

ካልሲ። ስለ ካልሲ ባላወራ እመርጥ ነበር። ጎንበስ ማለት አልችልም፤ ያለ ካልሲ ደግሞ በደሴ ብርድ አይታሰብም። ስለዚህ በየጠዋቱ እማዬ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ታጠልቅልኛለች። የመጀመሪያ ቀን እግሬን ሸሸሁባት። ቁርጭምጭሚቴን ይዛ "ወዲህ በል!" አለችኝ። አንደኛ ክፍል እያለሁም እንደዚሁ ነበር የምታዘኝ። ጫማ ደግሞ ክር ያለው ቀርቶ ሸበጥ ሆነ፤ ሸበጥ በካልሲ። ተማሪዎቼ አይተውኛል። ፎቶ እንዳላነሱኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

በአራተኛው ሳምንት እህቴ ኮምቦልቻ ወሰደችኝ። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስትወርዱ ታውቁታላችሁ፣ በየኩርባው ሆድህ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። የመኪናውን ቀበቶ ከዳሌዬ ዝቅ አድርጌ፣ ቀበቶውና ሆዴ መሀል ትንሽ ትራስ ወትፌ ወረድኩ። ኮምቦልቻ ከእኛ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ሹራቡ እዚያው ወለቀ። ማታ ማታ የእህቴ ባልና ጓደኞቹ በሽርጥ በር ላይ ይቀመጣሉ። እኔም ሽርጤን ለብሼ ገባሁበት። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ደሴ ሳለሁ ሱቅ ለመሄድ ሦስቴ መስታወት አይ ነበር እኮ።

ትናንት ስድስት ሳምንት ሞላኝ። ጂንሱን አወጣሁት። ተቆለፈ! ቆሜ ሳለሁ ምንም አላለኝም። ልጽፍ ወንበር ላይ ስቀመጥ ግን ያቺ ቁልፍ ቦታዋን አገኘች። ከፈትኳት።

አሁን የማወራችሁ በሽርጥ ነው። ለሃጂ ልመልስላቸው ሄጄ "ወደ ግራ ነው ያሰርከው፣ አበላሸኸው" ብለው ፈትተው እንደገና አሰሩልኝ። ስለ መመለስ አልተወራም።

ሰኞ ወደ ክፍል እመለሳለሁ። የሰኞ ገበያውን ሱሪ ለብሼ፣ ሸሚዜን ወደ ውጭ ለቅቄ። በር ላይ የምቆመው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ልጆቹን ምን እንደምላቸው እስከ ሰኞ አስባለሁ።