በሐይቅ ደለል ላይ ስለሚቆሙ ረጃጅም ሕንፃዎች
(በሐዋሳ ለግንባታ ባለሙያዎችና ለሕንፃ ባለቤቶች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የከተማ አስተዳደሩ የሥራ ኃላፊዎች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ሕንፃ ለማስገንባት የተነሣችሁ ባለሀብቶች፣ እንዲሁም ወንበር ሳይበቃችሁ ቀርቶ ከኋላ የቆማችሁ የምህንድስና ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ።

አዘጋጆቹ የጋበዙኝ ስለ ረጃጅም ሕንፃዎች አጠቃላይ ገለጻ እንዳቀርብ ነበር። ስለ ሊፍቱ፣ ስለ እሳት አደጋ መውጫውና ስለ ውጭ ገጽታው ከእኔ የተሻለ የሚናገሩ ሰዎች እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ስላሉ ያንን ለእነርሱ እተወዋለሁ። እኔ የምናገረው ለዓመታት ሲከነክነኝ ስለኖረ አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በዚህች ከተማ የአፈር ምርመራ ለግንባታ ፈቃድ ማሟያ የሚያያዝ ወረቀት ሆኖ መቅረቱ ነው።

ቦታችንን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሐዋሳ የተቆረቆረችው በስምጥ ሸለቆው ወለል፣ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ተደርምሶ በፈጠረው ሰፊ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ከእግራችን በታች ያለው ሐይቁ በየዘመኑ ሲሞላና ሲሸሽ የተወው ደለልና አሸዋ ሲሆን በመሐሉ የእሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ የሚባለው ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተነባብሮበታል። ሐይቁ የጥቁር ውኃን ወንዝ ይቀበላል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ስለዚህ ክረምቱ ሲበረታ ከፍ ይላል፣ የከርሰ ምድር ውኃውም አብሮት ይነሣል። በዚህ ላይ መሬቱ ዝም ብሎ የተኛ አይደለም። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. ከላንጋኖ አካባቢ የተነሣው ርዕደ መሬት እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል፤ በጥር 2008 ዓ.ም. ይህችው ከተማ ስትናወጥ ብዙዎቻችሁ ቤታችሁን ጥላችሁ ደጅ ወጥታችኋል፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ የተነሣው ተከታታይ መንቀጥቀጥ የአዲስ አበባንና የአዳማን ነዋሪ እንቅልፍ ነሥቷል።

አሁን ወደ አንድ ሳይት ልውሰዳችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ቤዝመንት ያለው ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ዲዛይን እንድገመግም ተጠራሁ። ባለቤቱ በቡና ንግድ ለረጅም ዘመን ደክመው ያጠራቀሙትን ገንዘብ በሙሉ ያፈሰሱበት ሥራ ነበር። የአፈር ምርመራ ሪፖርቱን ገልጬ ማንበብ ስጀምር፣ በአንደኛው ገጽ ላይ የሰፈረው የቦታ ስም የዚያ ሳይት ሳይሆን የሌላ ሰፈር ሆኖ አገኘሁት። ወደ ሠንጠረዡ ሳልፍ የሦስቱም ጉድጓዶች ውጤት ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነበር። ጉድጓዶቹ የተቆፈሩት እስከ 10 ሜትር ነው ይላል፤ የቤዝመንቱ ግርጌ ራሱ ወደ 7 ሜትር ይወርዳል። የከርሰ ምድር ውኃም «አልተገኘም» ተብሎ ተጽፏል። ከአጥሩ ማዶ ግን ጎረቤትየው በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ በአጭር ገመድ ውኃ ይቀዳሉ። በዚህ ሪፖርት ላይ ፊርማ አርፎበታል፣ ማኅተም ተመትቶበታል፣ ፈቃድም ተሰጥቶበታል።

ቁፋሮው እንደገና ይሠራ ብዬ ጸናሁ። ባለቤቱ ከብዙ ክርክር በኋላ እሺ አሉ። ሙያው ለማይመለከታችሁ ሥራውን ላስረዳ፤ 63.5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ ጉድጓዱ ውስጥ የቆመውን ዘንግ ይመታል። ዘንጉ ላይ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ በጠመኔ ይሠመራል፤ የመጀመሪያው 15 ሳንቲ ሜትር ይታለፍና ቀሪውን 30 ለማስገባት የፈጀው የምት ብዛት ይመዘገባል። ጥብቅ አሸዋ ከ30 በላይ ምት ይጠይቃል። በዚያ ሳይት ከውኃው ወለል በታች ስንደርስ ግን የሚቆጥረው ልጅ «ሁለት» ብሎ «ሦስት» ሳይል መስመሩ ከዓይናችን ጠፋ። ወረድ ብሎ ደግሞ መዶሻው ገና ሳይለቀቅ ዘንጉ በገዛ ክብደቱ ሰመጠ። ከናሙና መያዣው የወጣው ግራጫ አሸዋ ውስጥ ነጫጭ የፑሚስ ጠጠሮች ነበሩ፤ አንዱን በሁለት ጣቴ ይዤ ብጫነው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። እንዲህ ያለው አሸዋ ጭነት ሲያርፍበት ፍሬው ይደቅቃልና በተለመደው የአሸዋ ስሌት ፓይል፣ ማለትም የሕንፃውን ጭነት ወደ ጥልቁ መሬት የሚያወርድ ምሰሶ፣ ቢቀበርበት ይሸከማል የተባለውን አይሸከምም።

ውጤቱን ይዤ መሠረቱ መለወጥ እንዳለበት ስነግራቸው ባለቤቱ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ከመሬት በታች የሚቀበር ገንዘብ ማን ያየዋል? ተከራይ የሚያየው መስታወቱን ነው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሕንፃው ያዘነበለ ቀን መንገደኛው ሁሉ ያየዋል» አልኳቸው። በእርሳቸው አልፈርድም፤ እርሳቸው ነጋዴ ናቸው፣ የከፈሉትም ባለሙያ አምነው ነው። የምፈርደው ቁጥር ገልብጦ በፈረመውና ሳያነብ በተቀበለው ላይ ነው! ቁጥር መገልበጥ የወረቀት ጥፋት አይደለም፤ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሊያድሩ በሚችሉ ሰዎች ሕይወት ላይ የተፈጸመ ድፍረት ነው። ሐኪም የሌላ በሽተኛ የደም ውጤት አይቶ ቢያክም ዝም እንለው ነበርን? ለምን ለመሐንዲስ ዝም እንላለን?

ደንብ የለም የሚል ካለ ደንቡ አለ። በሥራ ላይ ያለው የኢትዮጵያ ስታንዳርድ ኢ ኤስ ኢ ኤን 1997 (ቁጥሩ የሰነዱ መለያ እንጂ ዓመት አይደለም) ለረጃጅም ሕንፃ ጉድጓዶቹ ከ15 እስከ 40 ሜትር ተራርቀው እንዲቆፈሩ፣ ሕንፃው በራፍት፣ ማለትም ከሥሩ ሁሉ በተዘረጋ አንድ ወጥ የኮንክሪት መሠረት ላይ የሚያርፍ ከሆነም ምርመራው ከመሠረቱ ግርጌ በታች ቢያንስ የሕንፃውን ጠባብ ጎን አንድ ተኩል እጥፍ እንዲወርድ ይመክራል። 20 ሜትር ስፋት ላለው ሕንፃ ይህ ከቤዝመንቱ ግርጌ በታች 30 ሜትር ማለት ነው። እኛ ከመሬት ወለል 10 ሜትር ወርደን እንመለሳለን።

በአስቸጋሪ መሬት ላይ ረጅም ሕንፃ አይቆምም እያልኩ አይደለም። ሜክሲኮ ሲቲ የቆመችው እንደኛው በሐይቅ ደለል ላይ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1956 የተጠናቀቀው ባለ 44 ፎቁ ቶሬ ላቲኖአሜሪካና 361 ፓይሎች ወደ 33 ሜትር ያህል ወርደው ጥብቅ አሸዋ ላይ እንዲያርፉ ተደርጎ ተሠራ። መሐንዲሱ ሊዮናርዶ ዜቫርት ከክብደቱ የተወሰነውን ቤዝመንቱ ሲቆፈር በወጣው አፈር ክብደት አካካሰው፤ ጉድጓዱ ውኃ ሲመጠጥለት የጎረቤት መሬት እንዳይሰምጥም ከውጭ በኩል ውኃ መልሶ ወደ መሬት አስገባ። እኛ ግን ፓምፕ ተክለን ሌት ተቀን ስንመጥጥ የጎረቤት ግድግዳ ቢሰነጠቅ «ድሮም የነበረ ነው» እንላለን። ያ የሜክሲኮ ሕንፃ እ.ኤ.አ. የ1957ን፣ የ1985ንና የ2017ን ርዕደ መሬት ተቋቁሞ ዛሬም ቆሟል።

የ1985ቱ ለእኛ ልዩ ትምህርት ነው። መነሻው ከከተማዋ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ የሐይቁ ደለል ንዝረቱን አጉልቶ በሁለት ሰከንድ ገደማ ምልልስ አወዛወዘው፤ ክፉኛ የተጎዱትም የራሳቸው ውዝዋዜ ከመሬቱ ጋር የገጠመው ከስድስት እስከ አሥራ አምስት ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች ነበሩ። ዛሬ በዋና ዋና መንገዶቻችን ዳር የምንደረድረው በአብዛኛው ይህንኑ ቁመት ነው። ስለዚህ የፎቁ ብዛት ከመወሰኑ በፊት የመሬቱ የራሱ ንዝረት ይለካ። በውኃ የተሞላ ልል አሸዋም በመንቀጥቀጥ ጊዜ እንደ ፈሳሽ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በጃፓኗ ኒጋታ የመኖሪያ ሕንፃዎች ሳይሰበሩ በጎናቸው የተኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ቤዝመንት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቤዝመንቱ ከውኃው ወለል በታች በወረደ በእያንዳንዱ ሜትር ውኃው በካሬ ሜትር 1 ቶን ወደ ላይ ይገፋዋል። ኮንትራክተሮች፣ በላዩ በቂ ፎቅ ሳይጫን ውኃውን የሚመጥጠውን ፓምፕ አታጥፉ።

ለከተማ አስተዳደሩ የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። ቁፋሮው ሲካሄድ የፈቃድ ሰጪው ባለሙያ ሳይት ላይ ተገኝቶ ይፈርም። የናሙና ሣጥኖቹ ሕንፃው እስኪጠናቀቅ ይቀመጡ። የእያንዳንዱ ጉድጓድ ውጤት በከተማው አንድ የመረጃ ቋት ይሰብሰብና ማንም መሐንዲስ ማየት ይቻለው፤ ያን ጊዜ የተገለበጠ ሪፖርት ከጎረቤቱ ጋር ሲነጻጸር ወዲያው ይጋለጣል። ለዚህ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልገንም።

የጽሑፍ ሐሳቡን ለኃላፊዎቹ ዛሬ አስረክቤያለሁ፤ በእጃችሁ የቁፋሮ ውጤት ያላችሁ ባልደረቦቼ ቅጂውን ለቋቱ መነሻ እንዲሆን እንድትሰጡ እጠይቃለሁ፤ የእኔን ከሰነዱ ጋር አያይዤዋለሁ። አመሰግናለሁ።