«ንዳው!» ሲሏችሁ ቁሙ

ውድ ሠልጣኞች፣ የተከበራችሁ አሠልጣኞች፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

ነገ ተነገ ወዲያ መንጃ ፈቃድ ትይዛላችሁ። እንኳን ደስ ያላችሁ! ስለ አነዳድ በደንብ ተምራችኋል። እኔ የምነግራችሁ መኪና ከተጋጨ በኋላ ስላለችው ግማሽ ሰዓት ነው።

ከዓመታት በፊት አይሱዙ እነዳ ነበር። ሞጆን አለፍ እንዳልኩ፣ ማምሻ ላይ፣ አንድ ባጃጅ ከጎን ወጥቶ ፊቴ ተደቀነ። ፍሬን ያዝኩ፤ አልደረሰም። ገጭቼ ገለበጥኩት። ረዳቴ «ንዳው! ንዳው! ይገሉሃል!» ይላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እግሬ ነዳጅ መስጫው ላይ ነበር። በስፖኪዮ ሳይ አስፋልቱ ላይ አንድ ነጠላ ጫማ ወድቋል። ቆምኩ።

የባጃጁ ልጅ ተንጋሎ «እግሬ አለ?» አለኝ። «አለ» አልኩት። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ብብቱን፣ አንዱ እግሩን ይዞ ብድግ ሊያደርጉት ሲሉ፣ አንዲት እናት «ተዉት! አጥንቱ ተሰብሮ ይሆናል!» ብለው ጮኹ። ነጠላቸውን አጥፈው የሚደማው ላይ ጫን አድርገው ያዙ። አምቡላንስ እስኪመጣ እጃቸውን አላነሱም። ልጁ ዛሬ ትንሽ ያነክሳል፤ ግን ይራመዳል።

እኚያ እናት ሕክምና አልተማሩም። ያደረጉት ሁሉ ግን ልክ ነበር። እሳት ወይም ሌላ መኪና የሚያሰጋ ካልሆነ የተጎዳን ሰው ጎትታችሁ አታውጡ። አከርካሪው ተጎድቶ ከሆነ ያ ጉተታ ዕድሜ ልኩን አልጋ ላይ ሊያስቀረው ይችላል። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ አታጠጡ፤ ያንቀዋል። ሞተር አጥፉ፣ እጅ ፍሬን ያዙ፣ አራቱንም ፍሬቻ አብሩ። ከዚያ ደውሉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991። ቁጥሮቹን አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቧቸው፤ በዚያ ሰዓት እጅ ይንቀጠቀጣል።

ፍርሃቱን አልንቀውም። የተቆጣ ሕዝብ ያስፈራል። ሕይወታችሁ አደጋ ላይ ከሆነ በቀጥታ አቅራቢያችሁ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሂዱና አመልክቱ። ይህና መሰወር ለየቅል ናቸው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሳይረዱ መተውን ይቀጣል። ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ሲሆን ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል።

የሕክምናውን ወጪ ፈርታችሁም አትሽሹ። የሦስተኛ ወገን መድን የመጣው ለዚህ ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ለተጎጂ የድንገተኛ ሕክምና መብት ሰጥቷል። ያኔ የተቀመጠው ጣሪያ 2,000 ብር ነበር። በዛሬ ገበያ ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ። ግን መብቱ የሆስፒታሉን በር ያስከፍታል።

አሁን ወደ ቀላሉ ግጭት ልምጣ። ፓራውልት ተጫረ ብለው ሁለት ሰዎች መሀል አስፋልት ላይ ሲጨቃጨቁ፣ ከኋላ መንገዱ ተዘግቶ አምቡላንስ ሲጮህ አይቻለሁ። ያሳዝነኛል። ከመኪና ስትወርዱ መጀመሪያ «ተጎዳችሁ እንዴ?» በሉ። የቆርቆሮው ነገር ይደርሳል። ታርጋውን፣ የጎማውን አቅጣጫ፣ የፍሬኑን ምልክት ፎቶ አንሡ። ማስረጃ ዋጋ አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሁለት መኪኖች ሲጋጩ፣ ሌላ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ፣ ጥፋቱን እኩል ለሁለቱ ያካፍላል። ሰው ከተጎዳ ግን ትራፊክ መጥቶ ፕላን፣ ማለትም የአደጋውን ቦታ ንድፍ፣ ሳያነሳ መኪናውን አታንቀሳቅሱ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» ብላችሁ በድንጋጤ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ደግሞም አትዋሹ። ያያችሁትን ለፖሊስ ተናገሩ፤ ለመድን ድርጅታችሁም ሳትውሉ ሳታድሩ አሳውቁ። ድንጋጤ ያበርዳል ብሎ አረቄ የሚያቀርብላችሁ ወዳጅ ቢኖር እንዳትቀምሱ። ጠጥቶ ሲነዳ ነበር ያሰኝባችኋል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከከተማ ውጪ የማስጠንቀቂያ ትሪያንግል የያዘ ሹፌር ጥቂት ነው። በምትኩ ድንጋይ እንደረድራለን፣ ቅጠል እንበትናለን። መኪናው ይነሳል፤ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ሌሊት ሞተር የሚነዳ ሰው ይመጣበታል። ያን ምሽት ሞጆ ላይ ፕላን ተነስቶ ወደ ጣቢያ ልንሄድ ስንል ረዳቴን አጣሁት። ዞር ብዬ ሳይ በስልኩ መብራት እየፈለገ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ወደ ቦዩ ይወረውራል። ያው «ንዳው!» ሲለኝ የነበረው ልጅ ነው።

አመሰግናለሁ።