ቡክራ ሐኪም

እሺ... እየቀዳ ነው መሰለኝ። ብየዳ ቤቱ ዛሬ ዝም ብሏል። እኔም አላመንኩም።

ስለ ምባክ ነው። አዎ፣ እሷው፣ ኩዌት ማዳም ቤት አብራኝ የሠራችው ኢንዶኔዥያዊቷ። "አሁንም?" እንዳትሉኝ።

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ኢንዶኔዥያኛ የሚያስተምር ቪዲዮ ከፈትኩ። "ሐኪም" የሚል ቃል መጣ። ቀድሜ "ዶክተር!" አልኩ። ለካ ዳኛ ነው። እነሱ ጋ ሐኪም ማለት ዳኛ ነው! የወሰዱት እንደኛው ከዐረብኛ ነው። ዐረቡ ግን ሁለት ቃል አለው፤ "ሐ"ን ሲስበው ፈራጅ፣ "ኪ"ን ሲስበው ጠቢብ፣ መድኃኒተኛ። እነሱ ያንን ያዙ፣ እኛ ይሄን።

ተነስቼ ቁጭ አልኩ።

ያቺ ማታ። ማዳም ተኝታለች። ምባክ ስልኳን ዘግታ መጣችና ሩዝ ማጠብ ጀመረች። የታጠበ ሩዝ! እኔው ነኝ ያጠብኩት። "ቡክራ ሐኪም" አለችኝ። ነገ ሐኪም። በቃ፣ ሁለት ቃል። እኔ ደግሞ "ኢንሻላህ ትድኛለሽ" ብዬ ዝንጅብል አፈላሁላት። ቀና ብላ አየችኝ... ጠጣችው። እስከ አተላው።

ቃል እኮ መሳቂያችን ነበር። ጠረጴዛው "ሜጃ"፣ ወንበሩ "ኩርሲ"። አንዱ ከፖርቱጋል፣ አንዱ ከዐረብ፣ አንድ ኩሽና ውስጥ! ፖርቱጋሎቹ እንደ ፈረንጅ በ1511 እዚያው አካባቢ ያለችውን የወደብ ከተማ ማላካን ያዙ። ቅመም ፍለጋ መጥተው ለጫማው "ሴፓቱ"ን፣ ለመስኮቱ "ጄንዴላ"ን ትተው ሄዱ። ሆላንዶቹ ደግሞ ለፍሪጁ "ኩልካስ"ን። ሰንደቁን "ቤንዴራ" ስትለኝማ "ባንዲራችን!" ብዬ ስጮህ ማዳም ሮጣ መጣች። እኔም አፌን ሞልቼ መሳቄ፤ "ጠረጴዛ" ራሱ ከግሪክ አይደል የመጣው?

እና... ያን ሰሞን ከባሏ ጋር በስልክ ይጨቃጨቁ ነበር። አገሯ ደግሞ የሙስሊም ፍቺ በሃይማኖት ፍርድ ቤት ነው የሚያልቀው፣ ሐኪም ፊት። ግን እናቷም ታመው ነበር። ከኔ ጋር ደግሞ በዐረብኛ ነበር የምታወራው፤ የኩሽና ዐረብኛ ቢሆንም። ምናልባት የምሯን ዶክተር ማለቷ ይሆናል። ሊሆን ይችላል።

በማግስቱ "ሐኪሙ ምን አለ?" አልኳት። ጥያቄው ለሁለቱም ይሆናል፣ አያችሁ?

"ኻላስ" አለች። አለቀ።

"አልሃምዱሊላህ!" ብዬ አቀፍኳት። ደስ ብሎኝ እኮ... እሷም አቀፈችኝ። ቆየች። ረጅም ጊዜ ነው የቆየችው፣ አሁን ሳስበው።

ቁጥሯ አለኝ። ልጻፍላት ወይስ... ማለቴ፣ ምን ብዬ? ቆይ፣ ሻዬ በረደ...