ለማቀዝቀዝ ጊዜ ስጡ

የተከበራችሁ የፋብሪካ ባለቤቶች፣ መሐንዲሶችና የማሽን ባለሙያዎች፤

እንደምን አደራችሁ። የተጋበዝኩት ስለ አዳዲስ ጥሬ ዕቃዎች እንድናገር ነው። ከዚያ በፊት ግን በየስብሰባችን ሳናነሳው የምንበተነውን ትኩስ ፕላስቲክን የማቀዝቀዝ ጉዳይ ላንሳ።

ባለፈው ዓመት አንድ ፋብሪካ ጠርቶኝ ነበር። ፖሊፕሮፒሊን ከተባለ፣ በመስታወት ክር ከተጠናከረ ፕላስቲክ ክዳን ያመርታል፤ ክዳኖቹም እየተጣመሙ አልገጥም ብለዋል። ሥራ አስኪያጁ «ጥሬ ዕቃው የማይረባ ነው፤ አቅራቢውን እከሰዋለሁ» አለኝ። አንዱን ክዳን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሦስቱ ማዕዘኖች ሲያርፉ በአራተኛው ሥር ትንሿ ጣቴ ገባች። ወደ ማሽኑ ሄድን። ምርት እንዲበዛ ሲባል የማቀዝቀዣው ጊዜ ተቀንሷል፤ ሠራተኛው ትኩሱን ክዳን ከሞልዱ፣ ማለትም ከቅርጽ ማውጫው፣ አውጥቶ ባልዲ ውኃ ውስጥ ይጥለዋል። ፎርማኑ «ውኃ ያጠነክረዋል» አለ። ማጭድ ለሚቀጠቅጥ ባለሙያ እውነት ነው፤ የጋለ ብረት ውኃ ሲነካው ይጠነክራል። ፖሊፕሮፒሊን ግን ሌላ ነው። በ165 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚቀልጠው ይህ ፕላስቲክ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ሞለኪውሎቹ ተደርድረው ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ያገኛሉ፤ ግትር ይሆናል። በድንገት ሲቀዘቅዝ ክሪስታሉ ያንሳል፤ ዕቃው ይለሰልሳል፣ ምት ግን የተሻለ ይችላል። በዚያ ላይ ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ በጣም ይኮማተራል፣ የመስታወቱ ክር እምብዛም። በመጓተታቸው ውስጥ ውስጡን ውጥረት ይቀራል፤ አንዱ ገጽ ቀድሞ ከቀዘቀዘማ መጣመሙ አይቀርም። ታዲያ አቅራቢው ምን አጠፋ? ባልዲውን የያዘው ሠራተኛስ? ትእዛዙ የመጣው ከላይ ነው!

በስንት ልፋት በተገኘ የውጭ ምንዛሪ የገባ ጥሬ ዕቃ ለጥቂት ሰከንዶች ሲባል ይበላሻል። ይህ ቁጠባ አይደለም፤ ብክነት ነው!

ተመራማሪዎቻችንንም አልተዋቸውም። በቃጫ ስለተጠናከረ ፕላስቲክ የተጻፈ ሪፖርት ስከፍት የቃጫው መጠን፣ የፕሬሱ ሙቀትና ግፊት በዝርዝር ተቀምጦ አገኛለሁ። ከዚያ «እንዲቀዘቅዝ ተደረገ» ይላል። በምን? በውኃ ነው ወይስ በአየር? በደቂቃ ስንት ዲግሪ? ይህ ካልተጻፈ ውጤቱን ማን ሊደግመው ይችላል?

ለአውሮፕላን አካል የሚውለው በካርቦን ክር የተጠናከረው ፒክ (PEEK) የተባለ ፕላስቲክም በ343 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ግትርነቱ ይጨምራል፣ ስንጥቅ የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የዕቃው አገልግሎት ነው።

የአዳዲሶቹን ጥሬ ዕቃዎች ሰንጠረዥ አባዝቼ አምጥቻለሁ፤ በየእጃችሁ ይደርሳል። እኔ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ የሞልዱ ሙቀትና የማቀዝቀዣው ጊዜ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ያለ መሐንዲስ ፊርማም ማንም አይቀንሰው፣ ባለቤቱም ቢሆን።