«የሷ ሰውነት ነው» ማለት ይብቃ

ጤና ይስጥልኝ፣ የውበት ሳሎን ባለቤቶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ።

አዘጋጆቹ «ከውበት መርፌ በኋላ ስለሚመጣ የቆዳ አለርጂ ተናገሪልን» አሉኝ። እሺ ብዬ ጽፌ መጣሁ። ባለፈው ዓመት እዚሁ ቆሜ ስለ ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል አውርቼ፣ ከግማሾቻችሁ ጋር ተኳርፈን ነው የተለያየነው። ዛሬም ሳንኳረፍ የምንወጣ አይመስለኝም።

አንዲት ልጅ ነበረች። እህቷ እሑድ ታገባለች፣ እሷ ሚዜ ናት። ሐሙስ ከሰዓት ሳሎን ገብታ ከንፈሯን ፊለር፣ ማለትም ከንፈር የሚሞላ መርፌ፣ ተወጋች። አርብ ጠዋት እኔ የምሠራበት የቆዳ ክፍል መጣች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። ስትገልጠው የላይኛው ከንፈሯ አፍንጫዋን ሊነካ ምንም አልቀረው። አንገቷ ላይ ሳንቲም ሳንቲም የሚያካክል ሽፍታ ወጥቷል፤ ታካዋለች። «ሻይ ልጠጣ ብዬ ሁሉም በአገጬ ወረደ» አለችኝ።

ትንፋሿን አየን፣ ደህና ነው። ተመስገን።

«ምንድነው የተወጋሽው?»

«ፊለር።»

«የምን ፊለር?»

«የኮሪያ ነው ብላኛለች።»

የኮሪያ! ኮሪያ አገር ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። ለወጋቻት ሴት አስደወልኳትና ስልኩን ተቀበልኳት። ሳጥኑ የታለ? ተጥሏል። ስሙስ? «ጓደኛዬ ናት ከዱባይ ያመጣችልኝ።» ማደንዘዣ አለበት? ዝም። ዝም ካለች በኋላ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ሲስተር፣ ይሄ እኮ የሷ ሰውነት ነው። አለርጂ ነው። ሌሎቹ ምንም አልሆኑም።»

እኔ ዛሬ የመጣሁት ለዚህች ቃል ነው። ልጅቷ ከፈለች፣ አበጠች፣ በመጨረሻ ጥፋተኛው ሰውነቷ ሆነ!

ለመሆኑ አለርጂዋ ለምኑ ነው? በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የመጀመሪያው የኮላጅን ፊለር ከከብት የሚሠራ ነበር። ስለዚህ አስቀድሞ ክንድ ላይ በትንሹ ተሞክሮ አራት ሳምንት ይጠበቅ ነበር። ዛሬ በፊለር የሚበዛው ሃያሉሮኒክ አሲድ በሁላችንም ቆዳ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ለሱ ለራሱ አለርጂ መሆን ብርቅ ነው። አብሮት የገባው ማደንዘዣ፣ ሊዶኬይን፣ ሊሆን ይችላል። ሲመረት ሳይጣራ የቀረ ነገር ሊሆን ይችላል። ቆዳው የተጠረገበት ፈሳሽ፣ ወይ ጓንቱ። ጭራሽ አለርጂ ሳይሆን ኢንፌክሽንም ይሆናል። ቦቶክስ እያላችሁ ከምትጠሩት የመጨማደድ መርፌ ውስጥ ዲስፖርት የሚባለው የላም ወተት ፕሮቲን ሊኖርበት ስለሚችል፣ የወተት አለርጂ ያለበት ሰው አይወጋውም። (አንዷን «ወተት ይስማማሻል?» ብላት «ጾም ነኝ ሲስተር» አለችኝ።) ፊለሩን የሚያሟሟው ሃያሉሮኒዴዝም ራሱ አለርጂ ያስነሳል፤ ንብ ነድፏት ታማ ታውቅ እንደሆነ ሴትየዋ አስቀድማ ትጠየቅ።

ስሙ ካልታወቀ ይሄን ሁሉ በምን እንለየው? በደህና ፊለር ሳጥን ውስጥ ተልጣ የምትለጠፍ ስቲከር አለች። ጣት የማታህል። ስሙና የምርት ቁጥሩ ተጽፎባታል። የተሠራችው ለደንበኛዋ መዝገብ ነው፤ እናንተ ጋ ግን ከሳጥኑ ጋር ቅርጫት ትገባለች። እናንተ የፀጉር ቀለም ቁጥር በደብተር የምትይዙ ሰዎች! «እትዬ እገሊት አምስት ነጥብ ሦስት ናቸው» ብላችሁ አሥር ዓመት ታስታውሳላችሁ። ፀጉር ይታጠባል፣ ይቆረጣል። ፊት ውስጥ የገባውን ግን የሚያውቀው የለም!

አሁን ታጨበጭባላችሁ። ቅዳሜ ደግሞ የኋላውን ክፍል ሻንጣ ይዞ ለመጣ ሁሉ በሰዓት ታከራያላችሁ። ፈቃዱን አይታችኋል? ለከባድ አለርጂ የሚወጋውን አድሬናሊን ይዞ እንደሆነ ጠይቃችኋል? መርፌ የሐኪም ሥራ ነው ብዬ ስንቴ ልጩህ?

የቀረውን ቶሎ ልበል። በደቂቃዎች ውስጥ ሽፍታው ሲዛመት፣ ድምፅ ሲጎረንን፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ አድሬናሊን ጭን ላይ ወዲያው ይወጋል፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል። የአለርጂ ክኒን ሰጥታችሁ አትጠብቁ። ቆዳው ከነጣና ከባድ ሕመም ካለው ደግሞ አለርጂ አይደለም፤ ደም ሥር ተዘግቷል። ዓይን የሚያጠፋው እሱ ነው፣ በረዶ እየያዛችሁ አታቆዩ። ፊለር ከተወጋች ከወራት በኋላ ጉንፋን ይዟት ያበጠችም ትመጣለች፤ በ2020 የሞደርና ክትባት ሙከራ ላይ እንኳ ፊለር የነበራቸው ሰዎች ፊታቸው አብጦ ተመዝግቧል። ቆዳ ያቀላል ስለሚባለው የግሉታታዮን መርፌ ሌላ ቀን እንጣላ።

ልጅቷን ትጠይቁኝ ይሆናል። እሑድ እብጠቷ ግማሽ ጎድሎ ነበር። ፎቶው ላይ ከኋላ ቆማ አበባዋን አፏ ላይ ይዛለች። ምን እንደተወጋች ዛሬም አናውቅም።

በሩ ጋ ያለው ጠረጴዛ ላይ ደብተር አስቀምጫለሁ። በየገጹ የደንበኛ ስም፣ ቀን፣ የወጋው ሰው ስምና የስቲከር ቦታ አለው። ሃያ ብቻ ነው ያሳተምኩት፤ ቡናው ሳይቀርብ ውሰዱ።